በመጨረሻው እርምጃ የወደቀ ሰው ጥፋተኛ ነውን?

አስማተኛና ጭራቅ የሚገኙበትን ልብ ወለድ ታሪክ በመንፈሳዊ መጽሔት ገጽ ላይ ማንሣት ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ተረት የሕፃናት ነው ይባላልና። ለካህን ደግሞ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ በቀጥታ ሲቀርብልን የምንሸሸው ጥያቄ በተረት ተጠቅልሎ ሲመጣ ሳናውቀው ከቤታችን ይገባል። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት ስለ ድሀው ሰው በግ የነገረውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው ስለ ሌሎች ሲል ከባድ ሸክም በፈቃዱ ይሸከማል፤ ረጅሙንም መንገድ በታማኝነት ይጓዛል። በመጨረሻው እርምጃ ላይ ግን ፈቃዱ ይሰበርና የመጣበትን ዓላማ ይክዳል። ይህን ሰው ምን እንለዋለን? ከሓዲ ነውን? ወይስ ሌላ ስም አለው?

ጥያቄውን ያነሣብን እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን “የቀለበቶቹ ጌታ” ብለው የሰየሙት ታሪክ መጨረሻ ነው። መጽሐፉ በሦስት ቅጽ ታትሞ በ1954 እና በ1955 ወጣ (ዓመታቱን በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን)። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በዓለም ዙሪያ ሲነበብ ኖሯል፤ ከ2001 እስከ 2003 ባሉት ዓመታትም በሦስት ክፍል ፊልም ሆኖ ስለ ቀረበ መጽሐፉን ያልገለጡ ወጣቶቻችን እንኳ የታሪኩን ጀግኖች በስም ያውቋቸዋል።

ደራሲው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። እናታቸው በ1900 ወደ ካቶሊክ እምነት በመግባታቸው ከዘመዶቻቸው ቂም ደረሰባቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ በ1904 ሲሞቱ ቶልኪን ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። እርሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን በአደራ ተቀብለው ያሳደጉት በበርሚንግሃም ኦራቶሪ የነበሩት ካህን አባ ፍራንሲስ ሞርጋን ናቸው። በ1916 ቶልኪን በፈረንሳይ ምድር በሶም ጦርነት ተሰለፉ፤ ከልብ ወዳጆቻቸው ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ሆነው ኖሩ። በታሪካቸው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለችም፤ ካህንም ቅዳሴም የለም። ይሁንና በ1953 ለአንድ ኢየሱሳዊ ወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ሥራቸው ከመሠረቱ ሃይማኖታዊና ካቶሊካዊ መሆኑን ገልጸዋል። እኛም መጨረሻውን ስናነብ ይህ አባባል ከንቱ እንዳልሆነ ተረድተናል።

ታሪኩን ላላነበቡ በአጭሩ እንናገር። ሳውሮን የተባለ የክፋት ገዥ ኃይሉን ያፈሰሰበት አንድ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ለያዘው ሁሉ ኃይል ይሰጣል፤ በዚያው መጠን ግን የያዘውን ሰው ባሪያ ያደርጋል። መልካም ሰው ለመልካም ሥራ እጠቀምበታለሁ ቢል እንኳ መጨረሻው ጥፋት ነው። ሊጠፋ የሚችለውም በተቀጠቀጠበት እሳት፣ በጠላት ሀገር መካከል በሚገኘው ተራራ ውስጥ ሲጣል ብቻ ነው። ይህን ሥራ ነገሥታትና ጦረኞች ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ቁመቱ የሰው ግማሽ የሚሆን፣ እርሻንና ማዕድን ከሚወድ ሰላማዊ ሕዝብ የተወለደ ፍሮዶ የሚባል “እኔ እወስደዋለሁ” ብሎ ይነሣል። ሳም የተባለ አትክልተኛው አብሮት ይሄዳል። ከኋላቸው ደግሞ ጎለም ይከተላቸዋል። ይህ ፍጡር ቀለበቱን ከ400 ዓመት በላይ ይዞ የኖረ፣ በምኞት ነፍሱ ተበልታ ያለቀች ምስኪን ነው።

ፍሮዶ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ተጉዞ፣ ቆስሎ፣ ተርቦ፣ በመጨረሻም መቆም አቅቶት ሳም በጀርባው ተሸክሞት ወደ ተራራው ይደርሳል። የእሳቱ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ቀለበቱን ግን አይጥልም። የእኔ ነው ብሎ በጣቱ ያጠልቀዋል። በዚያች ቅጽበት ጎለም ዘሎ ይይዘውና ጣቱን ከነቀለበቱ በጥርሱ ይቆርጣል፤ በደስታም ሲዘል እግሩ ስቶ ከእሳቱ ይወድቃል። ዓለም የዳነው እንዲህ ነው። ጀግናው አላዳነውም።

አንባቢ ይህን ሲያነብ የመደንገጥ መብት አለው። ይሁን እንጂ ብዙዎች በድሉ ደስታ ተውጠው የፍሮዶን መውደቅ ልብ ሳይሉት እንደሚያልፉ ደራሲው ራሳቸው በ1956 ታዝበዋል። ልብ ካሉት አንዱ ደግሞ እጅግ ተቆጥቶ፣ ፍሮዶ እንደ ከሓዲ በሞት መቀጣት እንጂ መከበር አልነበረበትም ሲል ጽፎላቸው ነበር። ይህን አንባቢ በችኮላ ልንነቅፈው አንወድም። ሌሎቹ ያላዩትን አይቷልና፤ አንድ ሰው አደራ ተቀብሎ አደራውን በላ። በሕግ ዓይን ብቻ ከተመዘነ ቍጣው መሠረት አለው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማኞች አንድ ችግር ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ከዐቅማችን በላይ እንድንፈተን እንደማይፈቅድ ያስተምራል። የትሬንቶ ጉባኤም በ1547 ባወጣው ድንጋጌ እግዚአብሔር የማይቻለውን እንደማያዝ፣ ሲያዝም የምንችለውን እንድናደርግና የማንችለውን ከእርሱ እንድንለምን እንደሚያስተምረን ተናግሯል። ታዲያ ፈተና ሁሉ የሚቻል ከሆነ ፍሮዶ ለምን አልቻለም? አልቻለም ካልን ትምህርቱን መንካታችን ነው፤ ይችል ነበር ካልን ደግሞ ያ ቍጡ አንባቢ ትክክል ሊሆን ነው።

ቶልኪን ይህን ጥቅስ አልሸሹትም። መልሳቸው ፈተናን መቻል ማለት ሰው የገዛ ፈቃዱ ጌታ ሆኖ ሳለ መቋቋም ማለት ነው የሚል ነበር። ከዚህም በኋላ ወደ ጌታ ጸሎት የመጨረሻ ልመናዎች ይመልሱናል። በየዕለቱ ወደ ፈተና እንዳንገባ፣ ከክፉም እንድንድን እንለምናለን። ፈጽሞ ሊደርስ የማይችልን ነገር ግን ማንም አይለምንም። እንግዲያው ሰው ከኃይሉ በላይ ከሆነ ስፍራ ላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ይህ ቃል እኛን ብዙ አሳስቦናል። ጸሎቱን ስንት ሺህ ጊዜ ደግመነዋል! የልመናውን ክብደት ግን ከአንድ የተረት ጸሐፊ ስንማር ጥቂት ማፈር የሚገባን ይመስለናል።

በእኛ በኩል አንድ ነገር እንጨምራለን። የሐዋርያው ተስፋ የጀመርነው ሥራ ሁሉ በእጃችን ይፈጸማል የሚል አይደለም። የሚሰጠን ተስፋ መውጫ መንገድ እንዳለ ነው። መውጫውን የሚከፍተው ግን የግድ የእኛ ክንድ አይደለም። ፍሮዶ የዳነበት መንገድ ነበረ፤ እርሱ ያላሰበው፣ ያልመረጠው፣ ባየውም ጊዜ የተጸየፈው መንገድ ነበር እንጂ።

የሥነ ምግባር ትምህርታችንም በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። ለከባድ ኃጢአት የነገሩ ከባድነት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዕውቀትና ሙሉ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በሴሚናሪ የተማርነው፣ ለምእመናንም የምናስተምረው ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1735 አለማወቅ፣ ግፊት፣ ፍርሃትና የመሳሰሉት ተጠያቂነትን ሊቀንሱ፣ ጨርሰውም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ይገልጻል። ሕጉ ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ሰውን በፊታችን ስናገኘው ሕጉን ማስታወስ ነው። ስድስት ዓመት የታመመ ባሏን አንሥታ ስታስተኛ፣ አጥባ ስታለብስ ኖራ፣ በመጨረሻው ሳምንት “ምነው ሞተህ ባረፍሁ” ብላ የጮኸች ሴት የምትናዘዘው ያንን አንድ ጩኸት ነው። ስድስቱ ዓመታት በዓይኗ ፊት የሉም። በሰዎችም ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚወራው ጩኸቱ ነው።

ደራሲው በዚያው በ1956 ደብዳቤያቸው ከዚህ የከበደ ምሳሌ አንሥተዋል፤ በዘመናቸው ከእስር ቤት አእምሯቸው ተሰብሮ፣ አሳሪዎቻቸውን እያመሰገኑ የሚወጡትን ሰዎች። እነዚህን ልንመዝናቸው የሚገባን ወደዚያ ስፍራ በገቡበት ፈቃድና ሐሳብ ነው፤ በሰው የማይቻለውን የብርታት ተአምር ልንጠይቃቸው አይገባም ይላሉ። በ1969 እና በ1970 ዓመተ ምሕረት በሀገራችን የሆነውን የሚያስታውስ፣ በግርፋት ብዛት የወዳጁን ስም የተናገረና እስከ ዛሬ ቀና ብሎ መሄድ ያልቻለ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሳያነብ አያልፍም።

እርግጥ፣ “አልቻልሁም” የሚለው ቃል የሰነፍ መጠጊያም ነው። በመጀመሪያው ዳገት ላይ የተቀመጠ ሰው የፍሮዶን ስም ጠርቶ ራሱን ቢያጸድቅ መሳለቅ ይሆናል። ልዩነቱ ግን የሚሰወር አይደለም። ፍሮዶ ኃይል እያለው አልቆመም፤ ኃይሉ ካለቀ በኋላ እንኳ በእጁና በጉልበቱ ዳኸ። ደግሞም ራሱን አላጸደቀም። ምክንያት የሚያበዛ ሰውና ሰውነቱ የተሰበረ ሰው አነጋገራቸው አይመሳሰልም፤ የመጀመሪያው ይከራከራል፣ ሁለተኛው ይከስሳል፤ የሚከስሰውም ራሱን ነው።

አሁን ወደ መውጫው መንገድ እንመለስ። ጎለም በዚያች ሰዓት በገደሉ አፋፍ ላይ ሊገኝ የቻለው ብዙዎች ሊገድሉት እየቻሉ ስለ ማሩት ነው። የመጀመሪያው የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ ነበር፤ በጨለማ ዋሻ ውስጥ ሰይፍ በእጁ ሳለ ራርቶለት ዘሎት ሄደ። የሚገርመው፣ ይህ የርኅራኄ ትዕይንት “ሆቢት” የተባለው የቀድሞው መጽሐፍ በ1937 ሲታተም በውስጡ አልነበረም። ቶልኪን ታላቁን ታሪክ ሲጽፉ ምዕራፉን መልሰው አርመው በ1951 እትም አስገቡት። መላው ሕንጻ የተደገፈበት ድንጋይ ዘግይቶ የገባ መሆኑ ነው። ከቢልቦ በኋላ ፍሮዶ ራሱ ማረው። በመጨረሻም ጎለምን ፈጽሞ የሚጠላው ሳም፣ በተራራው ላይ ሰይፉን ካነሣበት በኋላ እጁን መለሰ። እርሱም ቀለበቱን ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞት ስለ ነበር የዚያን ፍጡር ሥቃይ በመጠኑ ቀምሶት ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ “ምሕረት አድርግ፣ ምሕረት ይከፍልሃል” የሚል ትምህርት ማውጣት ይቀላል። ብዙ ሰባክያንም (እኛም ሳንቀር) ይህን መንገድ እንወደዋለን፤ ምሕረትን እንደ ዕቁብ፣ ዛሬ ጥለን ነገ የምናነሣው አድርገን እናቀርበዋለን። ታሪኩ ግን ይህን ትርጓሜ የሚከለክል ምዕራፍ አለው። ፍሮዶና ጓደኞቹ ወደ ትውልድ ሀገራቸው ሲመለሱ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ቤቶቹ ፈርሰው፣ ሕዝቡ በሽፍቶች ተገዝቶ ያገኙታል። የዚህ ጥፋት አለቃ ሳሩማን የተባለ ከክብሩ የወደቀ ጠቢብ ነው። ፍሮዶ በዚያ ሁሉ ውጊያ ሰይፍ አይመዝም፤ እጅ የሰጡትም እንዳይገደሉ ይከላከላል። ሳሩማን ተይዞ ሲለቀቅ በድብቅ ቢላዋ ይወጋዋል፤ ፍሮዶን ያተረፈው ከልብሱ ሥር የለበሰው ጥሩር ነው። እንደ ገና ይምረዋል። ውጤቱስ? ሳሩማን አይጸጸትም፤ ይልቁንም በተደረገለት ምሕረት ይበግናል። ከዚያው ደጃፍ ሳይርቅ የገዛ አገልጋዩ ያርደዋል፤ አገልጋዩም በቀስት ይገደላል። ይህኛው ምሕረት ማንንም አላዳነም፤ ምንም አልከፈለም። ፍሮዶ ግን አስቀድሞ ቢያውቅም ኖሮ እንደዚያው ባደረገ ነበር ብለን እናምናለን።

የ2003ቱ ፊልም ይህን ምዕራፍ ትቶታል። በተራራው ላይም ፍሮዶ ጣቱ ከተቆረጠ በኋላ ተነሥቶ ከጎለም ጋር ሲታገል ሁለቱም ከአፋፉ እንዲንሸራተቱ አድርጓል። ለተመልካች ዓይን ይህ ሳይሻል አይቀርም፤ ጀግና ቆሞ ሲያይ ደስ አይልምና። ዳሩ ግን በዚህ ለውጥ የጠፋው ትንሽ ነገር አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ለድኅነቱ የፍሮዶ ክንድ አንዳች አልጨመረም፤ የሠራችው ከሳምንታት በፊት ያደረጋት፣ እርሱም የረሳት ምሕረት ነበረች።

ስለ ሳም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከመጨረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በደረጃዎቹ ላይ ሁለቱ መንገደኞች ተኝተው ሳሉ ጎለም ይመጣና ፍሮዶን በትካዜ ይመለከተዋል፤ ለቅጽበት ያህል እንደ ደከመ ሽማግሌ ሆኖ እጁን ወደ ጉልበቱ ይዘረጋል። ንስሓ በደጅ ቆማ ነበር። ሳም በድንገት ነቅቶ በክፉ ቃል ይጮኽበታል፤ የጎለምም ልብ መልሶ ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይከፈትም። ቶልኪን በ1963 በጻፉት ደብዳቤ ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝናቸው ምናልባት ይህ ቅጽበት መሆኑን ተናግረዋል። ሳም ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ነው፤ በክፋትም አልተናገረም፤ ጌታውን ከመውደዱ የተነሣ ነበር። በየቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ፣ ለብዙ ዓመት ርቆ ኖሮ በመጨረሻ እግሩን ወደ ውስጥ ያነሣውን ሰው “አንተ ደግሞ ዛሬ ከየት መጣህ?” ብለው የሚመልሱት ብዙውን ጊዜ ክፉዎች አይደሉም። ቤቱን የሚወዱ ናቸው።

ቀለበቱ የጠፋበት ቀን መጋቢት 25 ነው። ይህ በምዕራቡ ቀን መቍጠሪያ የብሥራት በዓል ነው፤ በጥንት ልማድ ደግሞ ጌታ የተሰቀለበት ዕለት ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በእንግሊዝም እስከ 18ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ አዲስ ዓመት የሚጀምረው በዚህ ቀን ነበር። ለእኛ አንባቢዎች ነገሩ ይበልጥ የሚጣፍጠው፣ በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ያ ቀን በትክክል የእኛ መጋቢት 29 መሆኑ ነው። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ብሥራትንም ጥንተ ትንሣኤንም ያኖሩት በዚሁ ዕለት ነው። ደራሲው ይህን የእኛን ቍጥር አስበውት ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ሁለቱም ጅረቶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ከድሉ በኋላ ሳም ከአንዲት እመቤት የተሰጠውን አፈር በየዛፉ ሥር ይበትናል፤ በቀጣዩ ዓመት ምድሪቱ ታይቶ በማይታወቅ በረከት ትሞላለች። ምድሪቱ ተፈወሰች፤ ፍሮዶ ግን አልተፈወሰም። የቆሰለባቸው ቀናት በየዓመቱ ሲመለሱ ይታመማል፤ ሕመሙን ከሰው ይሰውራል። በገዛ ሀገሩም ብዙ የሚያከብረው የለም። ስለ ጦርነቱ የሚዘፈነው ለሌሎቹ ነው። ከዚህም በላይ፣ በ1963ቱ ደብዳቤ እንደ ተገለጸው፣ ፍሮዶን የሚያሠቃየው ቍስሉ ብቻ አልነበረም። ጀምሬ አልፈጸምሁም የሚለው ወቀሳ፣ ከዚያም የባሰው፣ የጠፋው ቀለበት አሁንም ናፍቆት መሆኑ ነበር። ኃጢአትን የተወ ሰው ምኞቱ እንዳልተወው ሲያይ የሚሰማውን እፍረት የሚያውቁ ይህን ያውቁታል።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ቆይቶ በመርከብ ወደ ምዕራብ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ብዙ አንባብያን ይህን የዘላለም ሕይወት ሽልማት አድርገው ይተረጕሙታል። ደራሲው ግን አልተስማሙም። ፍሮዶ የሄደው ከመሞቱ በፊት፣ ከተቻለ፣ ይፈወስ ዘንድ ነው። ያ ስፍራ ለእርሱ ነፍስ የምትነጻበትም የምታርፍበትም ሆኖ፣ ትንሽነቱንና ታላቅነቱን በእውነት የሚያይበት እንደ ነበር ጽፈዋል። ያ ቍጡ አንባቢ የጠየቀው ፍርድ ሳይፈጸም አልቀረም ማለት ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ በሰይፍ ፈንታ በመድኃኒት መልክ መጣ።

ሳም ወደ ሚስቱና ወደ ሴት ልጁ ተመለሰ። እራት ተሰናድቶ ነበር፤ ልጁን በጭኑ ላይ አስቀመጡለት። የታሪኩ መጨረሻ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው በመጽሐፉ ጀርባ በተጨመረው የዘመናት ዝርዝር ውስጥ በጥቂት መስመር ተጽፏል፤ ሳም ፍሮዶን ከሸኘ ከ61 ዓመት በኋላ፣ ሚስቱ በሞተችበት ዓመት፣ ከቤቱ ወጣ። እርሱም ቀለበቱን ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞ ነበርና ከተሸካሚዎቹ የመጨረሻው ሆኖ ባሕሩን እንደ ተሻገረ በልጁ ዘሮች ዘንድ ይነገራል። በዚያ ማዶ ጌታውን በሕይወት አግኝቶት እንደ ሆነ ዝርዝሩ አይናገርም።